ከማይክ እስከ ሞንታርቦ፦ የድምፅ መሣሪያዎችን ስናገናኝ ቮልቱንና ኦሙን ማስማማት

ሐዋሳ ውስጥ ጥር ሲገባ ድንኳን የማይተከልበት ሰፈር የለም። ታቦር በሉት፣ ፒያሳ በሉት፣ ሐይቅ ዳር በሉት፣ ሁሉም ጋ ሞንታርቦ ይጮኻል። ድምፁ ግን ብዙ ጊዜ ያሳዝናል። ሽማግሌ ሲመርቁ ግማሹ ቃል ይቆራረጣል። ክራሩ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። ኪቦርዱ ይሰነጣጠቃል። ከሥር ደግሞ የማያቋርጥ ጉምጉምታ አለ። ሰው ጥፋቱን ዕቃው ላይ ይጥላል። «ፌክ ስለሆነ ነው» ይባላል። እኔ እንደማየው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ደህና ነው። ችግሩ አንዱ የሚሰጠው ሲግናል ሌላው ከሚጠብቀው ጋር አለመስማማቱ ነው። ይህን ለማስተካከል አዲስ ሚክሰር መግዛት አያስፈልግም።

መመሪያው ሳውንድ ማከራየት ለጀመሩና በቤተ ክርስቲያን ወይም በአዳራሽ ሚክሰር ላይ ለሚቀመጡ ልጆች ነው። ትንሽ ሂሳብ አለው። ማካፈልና ማባዛት ለሚችል ሰው አይከብድም።

ቦርሳ ውስጥ የሚገቡ ዕቃዎች

ቴስተር ያዙ፤ ርካሹም ይበቃል። ካውያ፣ ሊድ፣ ፕላስተር፣ እስክሪብቶ ጨምሩ። ከኤሌክትሮኒክስ ሱቅ የ100 ኦም፣ የ1 ኪሎ ኦምና የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ጥቂት ጥቂት ግዙ። ዋጋቸው ከምንም አይቆጠርም፤ ግን ሰርግ ያድናሉ።

ከሁሉም በላይ ሁለት ዲአይ ቦክስ ይኑራችሁ። ሥራ የጀመረ ልጅ ገንዘብ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያስበው ተጨማሪ ሞንታርቦ ነው። እኔን ቢጠይቀኝ ከሞንታርቦው በፊት ዲአይ ቦክሱን ግዛ እለዋለሁ። ይህች ትንሽ ሳጥን ከክራር፣ ከጊታር ወይም ከኪቦርድ የሚመጣውን ሲግናል ተቀብላ ሚክሰሩ እንደ ማይክ እንዲያየው አድርጋ ትሰጣለች። ቮልቱንም ኦሙንም በአንድ ጊዜ ታስማማለች። ጉምጉምታም ትቆርጣለች።

ደረጃ 1፦ እያንዳንዱ ዕቃ ስንት ቮልት እንደሚሰጥ እወቁ

የድምፅ ሲግናል ማለት ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ቮልት ነው። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። ልዩነቱ ደግሞ ትንሽ አይደለም።

ዳይናሚክ ማይክ (ያለ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ የሚሠራው የተለመደው ማይክ) ሰው ሲናገርበት የሚሰጠው ከ1 እስከ 10 ሚሊ ቮልት አካባቢ ነው። ዘፋኝ አፉን አስጠግቶ ሲጮህበት ከዚያ ያልፋል። የጊታር ወይም የክራር ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ሲግናል የሚለውጠው ዕቃ) በመቶዎች ሚሊ ቮልት ሊደርስ ይችላል። ስልክና ላፕቶፕ ከጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳቸው ድምፃቸው ሲከፈት ከግማሽ እስከ 1 ቮልት ገደማ ይሰጣሉ። ቀይና ነጭ መሰኪያ ያላቸው የቤት መሣሪያዎች፣ እንደ ዲቪዲና ሪሲቨር ያሉት፣ የተለመደው መለኪያቸው 0.316 ቮልት ነው። የባለሙያ ሚክሰር ደግሞ በ1.23 ቮልት ይሠራል። ሁለቱም «ላይን» ይባላሉ፤ ግን በመካከላቸው ወደ 12 ዴሲቤል፣ በቮልት 4 እጥፍ ገደማ፣ ልዩነት አለ። ሪሲቨር ስትሰኩ ድምፁ የሚያንሰው፣ ሚክሰር ወደ ቤት ቴፕ ስትሰኩ የሚሰነጣጠቀው በዚህ ምክንያት ነው።

የመጨረሻው ከአምፕሊፋየር (ባጭሩ አምፕ) ወደ ስፒከር የሚወጣው ነው። 100 ዋት በ8 ኦም ላይ ማለት ወደ 28 ቮልት ነው። ማይኩ ከሚሰጠው ከ2 ሚሊ ቮልት ጋር አስተያዩት፤ 14,000 እጥፍ ነው። ስለዚህ የስፒከር መውጫን ወደ ሚክሰር መግቢያ መሰካት በፍጹም አይሞከርም። ሁለቱም ጎን ተመሳሳይ ትልቁን ጃክ ስለሚቀበል መሰኪያው አይከለክላችሁም። መሰኪያው መግባቱ ሲግናሉ ተስማማ ማለት አይደለም።

አሁን ፕላስተሩን አውጡ። በየዕቃው ላይ ከሦስቱ አንዱን ጻፉ፦ ማይክ፣ ላይን፣ ስፒከር። ክራርና ጊታር ላይ «ዲአይ» ብላችሁ ጻፉ። ይህን ቤት ሆናችሁ ጨርሱት። ድንኳን ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ይሆናል።

ደረጃ 2፦ ኦሙን እዩ

ኢምፒዳንስ አንድ ዕቃ ለሚወዛወዝ ኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ ነው። በኦም ይለካል። ሁልጊዜ ሁለት ቁጥር አለ፤ የሰጪው የመውጫ ኦምና የተቀባዩ የመግቢያ ኦም።

የተቀባዩ ኦም ባነሰ ቁጥር ለሰጪው ጭነቱ ይከብዳል። የጋሪ ፈረስን አስቡ። ቀላል ጭነት ሲጫንበት በራሱ እርምጃ ይሄዳል፤ ሲከብድበት ይዝላል፣ ይንገዳገዳል። ሲግናልም ኦሙ ያነሰ መግቢያ ላይ ሲሰካ ቮልቱ ይወርዳል፣ ጠባዩም ይለወጣል።

ብዙ ሰው «ማስማማት» ሲባል ሁለቱ ኦሞች እኩል ይሁኑ ማለት ይመስለዋል። እኩል ማድረግ የድሮ የስልክ መስመሮች ልማድ ነበር፤ 600 ኦም በ600 ኦም ይደረግ ነበር። ዛሬ በድምፅ መሣሪያ ደንቡ ሌላ ነው፦ የተቀባዩ ኦም ከሰጪው ቢያንስ 10 እጥፍ ይብለጥ። 200 ኦም ያለው ማይክ 2,000 ኦም ያለው መግቢያ ላይ ሲሰካ ከቮልቱ የሚያጣው 9 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። 200 በ200 ብታደርጉት ግማሹን ያጣል።

ቁጥሮቹ በመመሪያ ወረቀቱ መጨረሻ ገጽ ላይ አሉ። ወረቀቱ ከጠፋ እነዚህን ያዙ። የማይክ መውጫ ከ150 እስከ 300 ኦም ነው፤ የሚክሰር የማይክ መግቢያ ከ1,000 ኦም በላይ፣ ብዙ ጊዜ ወደ 2,000 ነው። የላይን መውጫ ጥቂት መቶ ኦም ወይም ከዚያ በታች ነው፤ የላይን መግቢያ 10,000 ኦምና ከዚያ በላይ። ማይክ ከሚክሰር፣ ኪቦርድ ከሚክሰር፣ ሚክሰር ከአምፕ ሲገናኙ የ10 እጥፉ ደንብ በራሱ ይሟላል። የሚያስቸግሩት ሁለት ቦታዎች ናቸው፤ ክራርና ጊታር፣ ከዚያም ስፒከር።

ደረጃ 3፦ ማይክ

እዚህ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ባለ ሦስት እግሩን ገመድ ተጠቀሙ። ማይኩን ከማይክ መግቢያ ስኩ። የሚክሰሩ የማይክ መግቢያ ሞልቶ ትርፉን ማይክ በጃክ ገመድ ላይን መግቢያ ላይ ብትሰኩት ድምፁ ይሞታል። ጌይኑን (የመግቢያውን ማጉያ ቁልፍ) ጥግ ድረስ ብትከፍቱ የምታገኙት ሹሹታ ነው።

ኮንደንሰር ማይክ ፋንተም፣ ማለትም ሚክሰሩ በማይኩ ገመድ የሚልክለትን 48 ቮልት፣ ይፈልጋል። ዳይናሚክ ማይክ አይፈልግም፤ ገመዱ ደህና ከሆነ ግን አይጎዳውም። ስልክና ኪቦርድ በአጉል አስማሚ የማይክ መግቢያ ላይ ከተሰኩ ግን ፋንተሙ ሊጎዳቸው ይችላል። ስለዚህ ስትሰኩና ስትነቅሉ ፋንተሙ ይጥፋ፣ ፌደሩም (የቻናሉ ተንሸራታች የድምፅ መቆጣጠሪያ) ይውረድ።

ደረጃ 4፦ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ጊታር

ክራር ላይ ብዙ ጊዜ የሚለጠፈው ፒክአፕ ሳንቲም የምትመስለው ፒዞ ናት። ርካሽ ናት፤ በትክክል ከተሰካች ደግሞ በጣም ጥሩ ድምፅ ትሰጣለች። ችግሩ ሁሉም ሰው በቀጥታ ሚክሰር ላይ መሰካቱ ነው።

በቁጥር እንየው። ፒዞ በጠባይዋ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም፣ በፋራድ የሚለካ ዕቃ) ናት። ትልቋ፣ 27 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት፣ ወደ 20 ናኖፋራድ አላት። ካፓሲተር ደግሞ ከተቀባዩ ኦም ጋር ሲገናኝ ወፍራሙን ድምፅ ይቆርጣል። የሚቆርጥበትን ቦታ ለማግኘት 6.28ን በኦምና በፋራድ አባዙ፤ ከዚያ 1ን ለውጤቱ አካፍሉ (20 ናኖፋራድ 0.00000002 ፋራድ ነው)። 10,000 ኦም ላይን መግቢያ ላይ ሲሰላ ወደ 800 ኸርዝ ይመጣል። ከ800 በታች ያለው ሁሉ እየሳሳ ይሄዳል ማለት ነው። የክራሩ ሆድ ያለው እዚያ ነው። 2,000 ኦም የማይክ መግቢያ ላይ ደግሞ ወደ 4,000 ኸርዝ ይወጣል፤ የሚቀረው የክሩ ጭረት ብቻ ነው። ያ የቆርቆሮ ድምፅ የመጣው ከዚህ ነው። ኢኩዋላይዘሩን ብታሽከረክሩት የሄደውን ወፍራም ድምፅ በወጉ አይመልሰውም፤ ጉምጉምታውን ግን ያሳድገዋል።

1 ሚሊዮን ኦም መግቢያ ላይ ስትሰኩት መቁረጫው 8 ኸርዝ ይሆናል። ምንም አይጎድልም። ስለዚህ ክራሩን ባትሪ ወይም ፋንተም የሚጠቀም አክቲቭ ዲአይ ላይ ስኩ፤ የአብዛኞቹ መግቢያ ወደ 1 ሚሊዮን ኦም ነው። አንዳንድ ሚክሰር አንድ ወይም ሁለት መግቢያ ላይ የጊታር ምልክት ወይም «ሃይ ዚ» የሚል ቁልፍ አለው፤ እሱም ይሆናል።

መደረግ ያለበት ቅደም ተከተል ይህ ነው። ከክራሩ እስከ ዲአዩ ያለው ገመድ አጭር ይሁን፤ ከ5 ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ገመዱ ከሙዚቀኛው እግር ሥር ዲአዩ ላይ ይገባል። ከዲአዩ ወደ ሚክሰር ባለ ሦስት እግሩ ገመድ ይሄዳል፤ ይህኛው 30 ሜትር ቢረዝምም ግድ የለም። ሚክሰሩ ላይ የማይክ መግቢያ ውስጥ ይገባል። ዲአዩ አክቲቭ ከሆነና ባትሪ ከሌለው ፋንተሙን አብሩለት።

ማሲንቆም ፒዞ ከተለጠፈበት እንደዚሁ ነው። የተለመደው የኤሌክትሪክ ጊታር ፒክአፕ ግን የተጠመጠመ ሽቦ ነው፤ ኦሙ ሲያንስበት የሚጎድለው ቀጭኑ ድምፅ ነው። ጊታሪስቱ «ድምፄ ደነዘዘ» ካላችሁ መጀመሪያ የተሰካበትን መግቢያ እዩ። በውስጡ ባትሪ ያለው ጊታር ይህ ችግር የለበትም።

ደረጃ 5፦ ኪቦርድ፣ ላፕቶፕ፣ ስልክ

ኪቦርድ በላይን መግቢያ ላይ ይሰካል። ኪቦርዲስቱ የራሱን ድምፅ ከግማሽ በላይ፣ ሦስት አራተኛ አካባቢ እንዲያደርግና እንዳይነካው ንገሩት። መድረኩ ሩቅ ከሆነ እሱም በዲአይ ይምጣ። በረጅም የጃክ ገመድ ማምጣት ጉምጉምታ መጋበዝ ነው።

የስልክ ነገር ግን ለየት ያለ ነው። ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ የሚገቡበት ዘፈን ከስልክ ይከፈታል። ሙዚቃው ይሰማል፤ ከበሮውና ማሚቶው አለ፤ የዘፋኙ ድምፅ ግን የለም! ሁሉም ስልኩን ይቀያይራል። ጥፋቱ የገመዱ ነው። አንዱ ጫፉ ትንሹ ጃክ፣ ሌላው ጫፉ ባለ ሦስት እግር የሆነው ገመድ ግራውን ሁለተኛው እግር ላይ፣ ቀኙን ሦስተኛው እግር ላይ ያስገባል። የሚክሰሩ ማይክ መግቢያ ሥራው የአንዱን እግር ከሌላው መቀነስ ነው። ዘፋኙ በቀረጻው ላይ መሃል ነው የተቀመጠው፤ ግራም ቀኝም እኩል አለ። እኩል ከእኩል ሲቀነስ ዜሮ።

መፍትሔው ከትንሹ ጃክ ወደ ሁለት ጃክ የሚከፈለውን ገመድ ይዞ ግራና ቀኙን በስቴሪዮ ቻናል ላይ መሰካት ነው። ቀይና ነጭ መግቢያ ካለም እዚያ ይሰካል። ባዶ የቀረው አንድ መግቢያ ብቻ ከሆነ ግራውንና ቀኙን በቀጥታ አታጣምሩ፤ ሁለቱ መውጫዎች እርስ በርስ ይገፋፋሉ። በእያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በየዱት፤ ቀለሙ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቀይ ነው። ከሬዚስተሮቹ በኋላ አጣምሯቸውና ወደ ላይን መግቢያ ውሰዱ።

የስልኩን ድምፅ ከጫፍ ትንሽ መለስ አድርጉት። ዝቅ አድርጋችሁ ሚክሰሩ ላይ ብትከፍቱት ሹሹታ ታሳድጋላችሁ። ስልኩን «ኤርፕሌን ሞድ» ላይ አድርጉ፤ በሙሽሪት መግቢያ ሰዓት መደወሉ አይቀርምና።

ደረጃ 6፦ ከሚክሰር ወደ አምፕ ወይም ወደ አክቲቭ ሞንታርቦ

አክቲቭ ሞንታርቦ (አምፑ በውስጡ ያለው) ከኋላው ብዙ ጊዜ «ማይክ» እና «ላይን» የሚል መቀያየሪያ አለው። ከሚክሰር ሲመጣ ላይን ላይ ይሁን። ማይክ ላይ ከቀረ ሚሊ ቮልት የሚጠብቀው መግቢያ 1.23 ቮልት ይመጣበታል። የሚክሰሩን ማስተር ጥቂት ከፍ ስታደርጉ መሰንጠቅ ይጀምራል፤ የሚክሰሩ መብራቶች ግን ሰላም ናቸው። ሚክሰሩ ንጹሕ፣ ሞንታርቦው ቆሻሻ ከሆነባችሁ መጀመሪያ ይህችን መቀያየሪያ እዩ።

ሁለት ወይም ሦስት አክቲቭ ሞንታርቦዎችን በሰንሰለት ማያያዝ አይከለከልም። የእያንዳንዱ መግቢያ 20,000 ኦም ቢሆን ሦስቱ አንድ ላይ ወደ 6,700 ይሆናሉ። ለ100 ኦም መውጫ ይህ ቀላል ነው።

ደረጃ 7፦ ከአምፕ ወደ ስፒከር

እዚህ የ10 እጥፉ ደንብ አይሠራም። አምፑ የሚያስተላልፈው ኃይል ነው፤ የሚቃጠል ነገርም ያለው እዚህ ነው። አምፑ ጀርባ ላይ «ከ4 ኦም አይነስ» ወይም «ከ8 ኦም አይነስ» የሚል አለ። ያንን ቁጥር በፕላስተር ላይ በትልቁ ጻፉ።

ስፒከሮች ጎን ለጎን ሲያያዙ ኦማቸው ይወርዳል። በአንዱ ሳጥን ጀርባ በኩል ወደ ሌላው ስታሳልፉ ያያያዛችሁት ጎን ለጎን ነው። አንድ ባለ 8 ኦም ሳጥን 8 ነው። ሁለት ሲሆኑ 4፣ ሦስት ሲሆኑ 2.7፣ አራት ሲሆኑ 2። አምፑ በአንድ ቻናል 4 ኦም ድረስ ከቻለ የሚሸከመው ሁለት ሳጥን ብቻ ነው። ሦስተኛውን ሲጨምሩበት መጀመሪያ ላይ ይሠራል፤ እንዲያውም ጨመር ያለ ድምፅ ይሰጣል። ድግሱ ሲሞቅ እሱም ይሞቃል። ዕድለኛ ከሆናችሁ ራሱን ያጠፋል፤ ካልሆናችሁ ትራንዚስተሮቹ ይቃጠላሉ። «ሰው በዛ፣ አንድ ሞንታርቦ ጨምሩ» የሚሉ አጎት በየሰርጉ አሉ። በትሕትና እምቢ በሏቸው፤ ወይም በሌላ አምፕ ጨምሩ።

የተለያየ ኦም ያላቸውን ስታያይዙ ባለ 4 ኦሙ ከባለ 8ቱ እጥፍ ኃይል ይወስዳል። ሁለቱ ሳጥኖች እኩል አይጮኹም፤ ጥቅሉም 2.7 ኦም ነው። ባትቀላቅሉ ይሻላል።

አምፑን «ብሪጅ» ስታደርጉት፣ ማለትም ሁለቱን ቻናሎች ለአንድ ሳጥን ስታጣምሩ፣ እያንዳንዱ ቻናል የሚያየው የሳጥኑን ግማሽ ኦም ነው። ባለ 8 ኦም ሳጥን በብሪጅ ለየቻናሉ 4 ኦም ይሆናል። ባለ 4 ኦሙ 2 ይሆናል፤ ብዙ አምፕ ይህን አይችልም።

ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ከጠፋ በቴስተር ለኩ። ሳጥኑን ከአምፑ ንቀሉ፤ ቴስተሩን ዝቅተኛው ኦም ላይ አድርጉ፤ ሁለቱን ጫፎች አጋጭታችሁ የገመዱን የራሱን ተቃውሞ እዩና ቀንሱት። ከ5.5 እስከ 7 ካሳየ ሳጥኑ 8 ኦም ነው። 3 ወይም 3.5 ገደማ ካሳየ 4 ኦም ነው። ቴስተሩ ሁልጊዜ ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ የሚለካው የሽቦውን ተቃውሞ ብቻ ስለሆነ ነው። ምንም ካላሳየ ኮይሉ ተቃጥሏል ወይም ገመዱ ተቆርጧል።

ገመዱም ኦም አለው። 20 ሜትር ርቀት ላይ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ደርሶ መልስ ወደ 0.9 ኦም ነው። በ4 ኦም ጭነት ላይ ከአምፑ ከሚወጣው ኃይል 19 በመቶ ያህሉ ገመዱ ላይ ይቀራል። በባለ 2.5 ሽቦ ወደ 6 በመቶ ይወርዳል። ኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ የሚገኘው ባለ 2.5 ተጣጣፊ የመብራት ሽቦ ለዚህ ሥራ ግሩም ነው። የጊታር ገመድን ግን ለስፒከር አትጠቀሙ። መሰኪያው አንድ ዓይነት ነው፤ በውስጡ ያለው ሽቦ ግን ክር ያህል ነው። ጉዱማሌን በመሰለ ሰፊ ሜዳ ላይ ስትሠሩ ደግሞ አምፑን ከስፒከሩ አጠገብ አድርጉ፤ ርቀቱን የሚጓዘው ከሚክሰር የሚወጣው ባለ ሦስት እግሩ ገመድ ይሁን።

ደረጃ 8፦ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ቀንድ ስፒከሮች

ከፍታ ላይ የሚሰቀሉት ቀንድ ስፒከሮች ብዙዎቹ ትራንስፎርመር አላቸው፤ በ100 ቮልት ወይም በ70 ቮልት መስመር ይሠራሉ። እዚህ ኦም መደመር አያስፈልግም፤ ዋት ትደምራላችሁ። እያንዳንዱ ቀንድ 30 ዋት ላይ ከተደረገ አራቱ 120 ዋት ናቸው። ድምሩ ከአምፑ 80 በመቶ አይለፍ፤ ስለዚህ ለ120 ዋት ባለ 150 ዋት አምፕ ይበቃል።

የዚህ አሠራር ጥቅሙ ርቀት ነው። 120 ዋት በ100 ቮልት 1.2 አምፔር ብቻ ነው፤ በ4 ኦም ቢሆን 5.5 አምፔር ይሆን ነበር። ስለዚህ ረጅም ገመድ ብዙ አይበላውም። ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ትራንስፎርመር የሌለውን ባለ 8 ኦም ሳጥን 100 ቮልት መስመር ላይ አታያይዙ። ገመዱንም አምፑ በርቶ ሳለ በእጅ አትንኩ፤ 100 ቮልት ሰው ይጎዳል። እነዚህን ቀንዶች በቴስተር መለካትም አይረዳም፤ የምታነቡት የትራንስፎርመሩን ሽቦ ነው።

ደረጃ 9፦ ለቪዲዮ ባለሙያው ድምፅ መስጠት

ቪዲዮ ቀራጩ መጥቶ «ወንድሜ፣ ከሚክሰሩ መስመር ስጠኝ» ማለቱ አይቀርም። የካሜራው ትንሿ ቀዳዳ የማይክ መግቢያ ናት፤ የምትጠብቀው ጥቂት ሚሊ ቮልት ነው። ከሚክሰሩ የሚሄደው 1.23 ቮልት ነው። በቀጥታ ከተሰካ የሰርጉ ቀረጻ በሙሉ የተቀደደ ይሆናል። ያን የሚያውቁት ደግሞ ቤታቸው ሄደው ሲከፍቱት ነው። ሰርግ ዳግመኛ አይቀረጽም፤ ለዚህ ነው ይህን ገመድ አስቀድማችሁ እንድትሠሩት አጥብቄ የምለምናችሁ።

ከሚክሰር የሚመጣውን ገመድ በካሜራው በኩል ያለውን ጫፍ ክፈቱ። ሲግናል በሚያመጣው ሽቦ ላይ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በየዱ፤ ቀለሙ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ብርቱካናማ። ከሬዚስተሩ ሌላኛው ጫፍ ወደ ካሜራው ጃክ ይሂድ። እዚያው ጃኩ ላይ፣ በሲግናሉና በመሬቱ መካከል፣ 100 ኦም በየዱ፤ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቡናማ። ቮልቱ 101 ጊዜ ይቀነሳል፤ 40 ዴሲቤል ማለት ነው። 1.23 ቮልቱ 12 ሚሊ ቮልት ሆኖ ይደርሳል። ኦሙም ተስማምቷል፤ ሚክሰሩ ከ10,000 በላይ ያያል፣ ካሜራው 100 ኦም የሚሰጥ ማይክ የተሰካበት ይመስለዋል። ብየዳውን በፕላስተር ሸፍኑና «ካሜራ» ብላችሁ ጻፉበት። የካሜራው ጃክ ስቴሪዮ ከሆነ ሲግናሉን ለግራም ለቀኝም ስጡት።

ደረጃ 10፦ ማብራትና ጌይን መክፈት

ሚክሰሩን መጀመሪያ አብሩ፤ አምፑን መጨረሻ። ስትዘጉ አምፑን መጀመሪያ፤ ሚክሰሩን መጨረሻ። መብራት ከጠፋ ደግሞ ጄኔሬተሩ ሳይነሳ አምፑን ሮጣችሁ ዝጉ። ጄኔሬተር ሲነሳ ቮልቱ እስኪረጋ ይንገዳገዳል፤ ሚክሰሩም ሲነቃ የሚልከው ግጭታ ስፒከር ይበጥሳል።

አሁን አንድ በአንድ። ፌደሩና ጌይኑ ታች ይሁኑ። የዚያን ቻናል ሲግናል ብቻ መለኪያው ላይ የሚያሳየውን «ፒኤፍኤል» ወይም «ሶሎ» ተጫኑ። ዘፋኙ «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አንድ ሁለት» እንዳይል፤ ሲዘፍን በሚጮህበት ልክ ይዝፈን። ጌይኑን ቀስ እያላችሁ ክፈቱ። መለኪያው 0 አካባቢ ሲመላለስ፣ አልፎ አልፎም ወደ 6 ሲነካ አቁሙ። ቀዩ መብራት ጨርሶ አይብራ። ዲጂታል ሚክሰር ከሆነ 0 ጣሪያው ነው፤ እዚያ ላይ ሲግናሉ ወደ 18 ከዜሮ በታች ይመላለስ። ጌይኑ እስከ ታች ወርዶም ቀይ ከበራ 20 ዴሲቤል የሚቀንሰውን «ፓድ» ተጫኑ። ጌይኑ ጥግ ደርሶም ካልበቃ የተሰካው የተሳሳተ መግቢያ ላይ ነው፤ ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ።

ሁሉም ቻናል ካለቀ ፌደሮቹን 0 ላይ፣ ማስተሩንም 0 ላይ አድርጉ። ከዚያ ነው የአምፑ ቁልፍ ከታች ጀምሮ የሚከፈተው፤ ለቦታው የሚበቃው ድምፅ ላይ ስትደርሱ አቁሙ። ብዙዎች የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነው። አምፑን እስከ ጥግ ከፍተው ሚክሰሩን ታች ያንቀራፍፋሉ። ሹሹታው ከዚያ ይመጣል።

ጉምጉምታ ካለ

የመብራታችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ ይወዛወዛል። ጉምጉምታው እሱ ነው፤ የ100 ኸርዝ ድርብርቡም አብሮ አለ። ፌደሮቹን ሁሉ አውርዱ። ጉምጉምታው ካልጠፋ ያለው በሚክሰሩና በአምፑ መካከል ነው፤ ሁለቱን ከአንድ ሶኬት በአንድ ማከፋፈያ አብሯቸው። ከጠፋ ፌደሮቹን አንድ በአንድ ክፈቱና ሲመጣ ያዙት። ላፕቶፕ ሆኖ ካገኛችሁት ቻርጀሩን ንቀሉ። ከጠፋ ላፕቶፑን በዲአይ ቦክስ አምጡትና የሲግናሉን ገመድ የመሬት ሽቦ ብቻ የሚለየውን «ግራውንድ ሊፍት» የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ።

የመብራት ሶኬቱን የመሬት እግር ግን በፍጹም አትቁረጡ፣ በፕላስተርም አትሸፍኑ። ጉምጉምታው ሊጠፋ ይችላል። ነገር ግን ዕቃው ላይ ብልሽት ሲመጣ ኤሌክትሪኩ የሚሄደው ማይክ በያዘው ሰው በኩል ነው። ዝናብ የመታው ሣር ላይ በባዶ እግር የቆመ ዘፋኝ አስቡ። ለድምፅ ብሎ የሰው ሕይወት ላይ አይቀለድም።

ማይክ ሲነካ የሚመጣና የሚሄድ ጉምጉምታ ከሆነ ጥፋቱ ገመዱ ነው። ቴስተሩን ድምፅ የሚሰጠው ላይ አድርጉ። አንደኛው እግር ከአንደኛው፣ ሁለተኛው ከሁለተኛው፣ ሦስተኛው ከሦስተኛው ጋር መጮህ አለበት። አንደኛው ከሁለተኛው ወይም ሁለተኛው ከሦስተኛው ጋር ከጮኸ ውስጡ ተነካክቷል። እየለካችሁ ገመዱን ከመሰኪያው ሥር አጠፍ አጠፍ አድርጉት፤ ብዙው የሚበጠሰው እዚያ ነው። ያን ገመድ ለይታችሁ ፕላስተር አድርጉበት፤ ሌላ ስኩና ፕሮግራሙ ይቀጥል፤ ብየዳው ሰኞ ይደርሳል።